አንዱን ብቻ መለወጥ፦ ስለ ሕይወት ሂደቶችና ስለ ሙከራ አሠራር

ከሱቅ በኪሎ የተገዛ ደረቅ ባቄላ ሕይወት አለው ወይስ የለውም? ዘጠነኛ ክፍል የገባ ልጅ ይህን ቢጠየቅ ብዙ ጊዜ «የለውም» ይላል። ምክንያትም አያጣም፤ ባቄላው አይንቀሳቀስም፣ አያድግም፣ አይበላም፣ ጆንያ ውስጥ ወራት ቢከርምም ያው ባቄላ ነው። ይሁን እንጂ ያንኑ ባቄላ አንድ ሌሊት ዘፍዝፎ በእርጥብ ጨርቅ የጠቀለለ ሰው በጥቂት ቀናት ውስጥ ጎንቁል ያገኛል። የተቆላ ባቄላ ግን የፈለገውን ያህል ቢዘፈዘፍ ያብጣል እንጂ አይበቅልም። ደረቁ ባቄላ እንግዲህ ጆንያው ውስጥ ሳለም ሕያው ነበር። ሥራውን እጅግ አዘግይቶ፣ ውሃ እስኪያገኝ ይጠብቅ ነበር።

የመማሪያ መጽሐፍ ሕያው ነገር የሚታወቅባቸውን ሰባት ሂደቶች ይዘረዝራል፦ መመገብ፣ ትንፈሳ፣ ቆሻሻን ማስወገድ፣ እንቅስቃሴ፣ ለአካባቢ ምላሽ መስጠት፣ እድገትና መራባት። ተማሪው ይሸመድደዋል፣ ፈተና ላይ ይጽፈዋል፣ ይረሳዋል። ስለ ሳይንሳዊ ዘዴም ሌላ ዝርዝር አለ፦ ምልከታ፣ መላምት፣ ሙከራ፣ ድምዳሜ። እሱም ይሸመደዳል። ሁለቱ ግን ተለያይተው መማር የሌለባቸው ነገሮች ናቸው። አንድ ነገር ሕያው መሆኑን የምናውቀው በሚያደርገው ነው፤ የሚያደርገውን ደግሞ በትክክል የምናውቀው በሙከራ ነው።

አዲስ አበባ ሜዳውን እየገፋች በሄደችባቸው እንደ የካ አባዶና ቱሉ ዲምቱ ባሉ የዳር ሰፈሮች ወላጆች ደጋግመው የሚያነሡት ቅሬታ አለ፦ «ትምህርት ቤቱ ላቦራቶሪ የለውም፤ ልጁ በምን ይሞክር?» ቁጭታቸው ይገባኛል። ማይክሮስኮፕ አይቶ የማያውቅ ልጅ ሕዋስን በሥዕል ብቻ ማወቁ ያሳዝናል፣ መስተካከልም አለበት። ነገር ግን ሙከራን ሙከራ የሚያደርገው ዕቃው አይደለም። ሙከራ ማለት በአንድ ነገር ብቻ የሚለያዩ ሁለት ነገሮችን ጎን ለጎን አስቀምጦ ማወዳደር ነው። ይህ የገባው ልጅ በጀሪካን ውሃና በባዶ ሃይላንድ ብዙ ይሠራል። ያልገባው ልጅ ቤተ ሙከራ ሞልቶ ቢሰጠውም ቀለም ሲቀያየር አይቶ ከመውጣት አያልፍም።

ከሰባቱ ሂደቶች አንዳንዶቹ ብዙ ማብራሪያ አይፈልጉም። እድገትን ሁሉም ያውቀዋል። እንቅስቃሴ ከቦታ ቦታ መሄድ ብቻ እንዳልሆነ፣ የሱፍ ቡቃያ ወደ ብርሃን መዞሩም እንቅስቃሴ እንደሆነ፣ ያ መዞር ራሱ ለብርሃን የተሰጠ ምላሽ እንደሆነ ማስታወስ ይበቃል። ቆሻሻን ማስወገድ ሲባል ሰገራ አይደለም የሚታሰበው። ሰገራ በአብዛኛው ውሃ፣ ሳይፈጭ ያለፈ ምግብና የአንጀት ባክቴሪያ ነው። እዚህ የምንለው ሕዋሳት ራሳቸው ሲሠሩ የሚፈጥሩትን ትርፍ ነው፤ ለምሳሌ ኩላሊት በሽንት የሚያስወጣውን ዩሪያና ሳንባ የሚያስወጣውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ።

መራባት ላይ አንድ ጥያቄ ይነሣል። በቅሎ አትወልድም። ታዲያ ሕይወት የላትም? የአህያ ሕዋስ 62 ክሮሞሶም (የዘር መመሪያ የተሸከመ ክር) አለው፣ የፈረስ 64። በቅሎ ከሁለቱ ግማሽ ግማሹን ወስዳ 63 ይዛ ትወለዳለች። 63 ደግሞ ጥንድ ጥንድ ሆኖ አይከፈልም፤ ስለዚህ የዘር ሕዋስ ስትሠራ ሂደቱ ይሰናከላል። የቆዳዋና የደሟ ሕዋሳት ግን በየቀኑ ይከፈላሉ፣ ይተካካሉ። ሰባቱ ሂደቶች እንግዲህ እያንዳንዱ ግለሰብ በእያንዳንዱ ደቂቃ ሊያሟላቸው የሚገባ ቅጽ አይደሉም። በሌላ በኩል እሳት ይስፋፋል፣ ማገዶ ይበላል፣ ጭስ ያስወጣል፣ ሌላ እሳት ይወልዳል፤ ነገር ግን ሕዋስ የለውም፣ ለልጁ የሚያወርሰው የተጻፈ መመሪያም የለውም። ዝርዝሩን ብቻ የያዘ ልጅ በቅሎን ከሕያዋን አስወጥቶ እሳትን ሊያስገባ ይችላል።

ትንፈሳ ላይ ግን ረጋ ማለት ያስፈልጋል። ደረት ከፍ ዝቅ ሲል የምናየው አየር የማስገባትና የማስወጣት ሥራ ነው። ዋናው ነገር የሚካሄደው ከዚያ በኋላ፣ ሕዋስ ውስጥ ነው። ሕዋሱ ስኳርን በኦክስጅን እየሰባበረ ውስጡ ያለውን ኃይል ያወጣል፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድና ውሃ ይተርፋሉ፤ ከኃይሉም ከፊሉ ሙቀት ሆኖ ይወጣል። ሳንባ የሌላቸው ሕያዋንም ይህን ያደርጋሉ፤ ዛፉም፣ ሻጋታውም፣ የጆንያው ባቄላም።

ይህን በእጁ መዳሰስ የሚፈልግ ሰው ብቅል የሚያበቅሉ እናቶች ጋ ይሂድ። ገብሱ ይዘፈዘፋል፣ ውሃው ይጠነፈፋል፣ ከዚያ በኮባ ወይም በጉሎ ቅጠል ተሸፍኖ ይቀመጣል። ማቆጥቆጥ ሲጀምር ክምሩ ውስጥ እጅ ቢገባ ይሞቃል። እሳት የለም፣ ፀሐይ አላገኘውም፣ የየካ አባዶ የጠዋት ብርድ አጥንት ይሰብራል፤ ገብሱ ግን ሞቋል። የለመዱት እናት እጃቸውን ሰደድ አድርገው «ኧረ ሞቋል፣ ልጄ ገልብጪው፣ አለዚያ ይሻግታል» ይላሉ። ሙቀቱ የፍሬዎቹ ትንፈሳ ነው። መገልበጡ ሙቀቱን ያስወጣል፣ ታች ለታፈኑት ፍሬዎችም ኦክስጅን ያስገባል። ትንፈሳ ሙቀት ያወጣል የሚለው የመጽሐፍ ዓረፍተ ነገር ጠላ ጠማቂዎች በእጃቸው የሚያውቁት ነገር ነው።

እዚያው ክምር ውስጥ መመገብም ይታያል። በፍሬው ውስጥ ያለው ፅንስ ገና ቅጠል የለውም፤ የሚኖረው እናቱ ተክል ባስቀመጠችለት ስታርች ነው። ፍሬው ውሃ ሲጠጣ አሚሌዝ የሚባል ኢንዛይም ይሠራል፤ ኢንዛይሙ ስታርቹን ወደ ስኳር ይለውጣል፤ ስኳሩም ለትንፈሳና ለእድገት ይውላል። ብቅል ሲያኝኩት ጣፈጥ የሚለው ለዚህ ነው። ጠላው ሲጠመቅ ደግሞ ያው ስኳር የእርሾ ምግብ ይሆናል።

ተክል በቀን ምግብ እየሠራ በሌሊት ይተነፍሳል የሚለው አባባል በጣም ተስፋፍቷል፤ ግማሹ ልክ አይደለም። ተክል ቀንም ሌሊትም ይተነፍሳል። በቀን ብርሃን አስተጻምሮው (በብርሃን ምግብ መሥራቱ) ስለሚበልጥ ከሚያስወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚስበው ይበዛል፣ ትንፈሳው ግን አይቆምም። ከዚህ ተነሥቶ «አበባ መኝታ ቤት ማሳደር አየር ይጨርሳል» የሚል ፍርሃት አለ። አንድ ማሰሮ አበባ በሌሊት የሚያወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ አጠገቡ የተኛ ሰው ከሚያወጣው ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው። የሚያስፈራው በክረምት ብርድ በተዘጋ ቤት ውስጥ የሚቀመጥ የከሰል ምድጃ ነው። ከሰሉ የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ ይገድላል። እባካችሁ አበባውን ትታችሁ ከሰሉን አስወጡ።

ወደ ተክሎች አመጋገብ ስንመጣ ሙከራ እንዴት እንደሚያስተምርና እንዴት ሊያስት እንደሚችል አብሮ ይታያል። ያን ባፕቲስታ ቫን ሄልሞንት በአሁኗ ቤልጅየም የኖረ ሐኪም ነበር፤ የሠራው ሙከራ የታተመው ከሞተ በኋላ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1648 ነው። በምድጃ የደረቀ 200 ፓውንድ አፈር፣ ማለትም 90 ኪሎ ግድም፣ ማሰሮ ውስጥ አድርጎ 5 ፓውንድ የምትመዝን የአኻያ ችግኝ ተከለ። ለ5 ዓመት ውሃ ብቻ አጠጣት። በመጨረሻ ዛፏ 169 ፓውንድ፣ ከ75 ኪሎ በላይ ሆነች። አፈሩን መልሶ አድርቆ ሲመዝነው የጎደለው 2 አውንስ ያህል፣ 60 ግራም እንኳ የማይሞላ ነው።

ዛፍ ሰውነቱን የሚሠራው አፈር በልቶ ነው የሚለው አሳብ በዚህ ወደቀ። ቫን ሄልሞንት ግን ቀጥሎ «እንግዲያው እንጨቱ፣ ቅርፊቱ፣ ሥሩ ሁሉ ከውሃ ብቻ ነው የመጣው» አለ። መዝኖ ያገኘው ልክ ነበር፣ ድምዳሜው ግን አልነበረም። ዛፏ ውሃ ብቻ አላገኘችም፤ 5 ዓመት ሙሉ አየር ከብቧት ነበር፤ አየር ደግሞ ምግብ ሊሆን ይችላል ብሎ አላሰበም። ዛሬ እንደምናውቀው የደረቀ እንጨት ክብደት ግማሽ ያህሉ ካርቦን ነው፤ ካርቦኑም የመጣው ከአየር ነው። ከእንጦጦ እናቶች በጀርባቸው ተሸክመውት የሚወርዱት ያ ወገብ የሚሰብር የባሕር ዛፍ ሸክም ጥቂት ማዕድን ከአፈር ወስዷል፣ ከውሃም ድርሻ አለው፤ ከደረቀ በኋላ የሚቀረው ክብደት ዋናው ምንጭ ግን የማይታይ ጋዝ ነው።

ታሪኩ እዚያ አላበቃም። በ1771 እንግሊዛዊው ጆሴፍ ፕሪስትሊ ሻማ ነዶ የጠፋበትን የታሸገ አየር የናና ቅርንጫፍ እንዳደሰው አየ፤ ሻማው ተመልሶ ነደደ። ቆይቶ ሲደግመው ግን አንዳንዴ ይሠራል፣ አንዳንዴ እንቢ ይላል። ያን ኢንገንሃውዝ የተባለ ሌላ ሐኪም በ1779 ምክንያቱን አገኘ፤ ብርሃን ነው። አየሩን የሚያድሱት አረንጓዴዎቹ የተክሉ ክፍሎች ናቸው፣ እነሱም ብርሃን ሲያገኙ ብቻ። ፕሪስትሊ ብርሃንን ከቁጥር ስላላስገባው አንዱ ቀን ከሌላው ቀን ሳያውቀው ይለያይበት ነበር። የሙከራ አሠራር ዋና ችግር ይሄ ነው፤ እኛ ያልለወጥነው ነገር ራሱ ተለውጦ ውጤቱን ይቀይረዋል።

ይህን በባቄላው እንመልከት። ዘር ለመብቀል ምን ያስፈልገዋል ሲባል ብዙ ልጅ «ውሃ፣ አየር፣ ብርሃን» ብሎ ይመልሳል። ብርሃን ለባቄላ መብቀል ያስፈልጋል የሚለው እንግዲህ መላምት ነው፣ ሊፈተሽ ይችላል። ልጁ አንድ ባቄላ በእርጥብ ጥጥ ላይ አድርጎ መስኮት ላይ ያስቀምጣል፣ ሌላውን ቁም ሣጥን ውስጥ። የመስኮቱ ቀድሞ ይበቅላል። «አያችሁ፣ ብርሃን ያስፈልገዋል!»

ምንም አላየንም። መስኮቱ ላይ ቀን ቀን ፀሐይ ስላለ ይሞቃል፤ ቁም ሣጥኑ ቀዝቃዛ ነው። የተለወጠው ብርሃን ብቻ ሳይሆን ሙቀትም ነው፤ የትኛው እንደሠራ ማወቅ አይቻልም። ሁለቱንም ፀሐይ በቀጥታ በማያገኘው አንድ መደርደሪያ ላይ ጎን ለጎን አድርጎ፣ አንዱን በካርቶን መሸፈን ይሻላል። ያኔ ሙቀታቸው ይቀራረባል፣ ውሃቸው እኩል ይሆናል፣ ልዩነቱ ብርሃን ይሆናል። ካርቶኑ አየር እንዳያፍን ከታች ትንሽ ክፍተት መተው ነው። በሁለቱም ወገን ባቄላው ይበቅላል። በጨለማ የበቀለው ረጅም፣ ቀጭንና ቢጫ ይሆናል። ከበቀለ በኋላ ለማደግ ብርሃን ይፈልጋል፤ ለመብቀል ግን አልፈለገም። በቅጠል ተሸፍኖ የሚበቅለው ብቅል መቼም ይህንኑ ነው የሚለው።

አንድ ባቄላም አይበቃም። ነቀዝ የበላው፣ ፅንሱ የሞተ፣ ያረጀ ባቄላ በየጆንያው አለ። በየወገኑ 20 ባቄላ ቢደረግ ጥሩ ነው። ሲመደቡ ደግሞ ልጁ ሳያውቀው ወፍራም ወፍራሙን ወደሚወደው ወገን ሊያደላ ይችላል፤ 40ውን ደባልቆ ዓይኑን ጨፍኖ ቢያነሣ አድልዎው ይቀራል። ከአንዱ ወገን 18፣ ከሌላው 17 ቢበቅል «18ቱ አሸነፈ» አይባልም፤ በአንድ ባቄላ የመጣ ልዩነት በአጋጣሚም ይመጣል። 18 ለ3 ቢሆን ሌላ ወሬ ነው።

ብርሃን እዚህ እኛ በፈቃዳችን የለወጥነው ነገር ነው፤ የበቀሉት ፍሬዎች ብዛት የምንለካው ነው፤ ውሃ፣ ሙቀት፣ የጥጥ መጠን እኩል ያደረግናቸው ናቸው። ተማሪዎች ነጻ ተለዋዋጭ፣ ጥገኛ ተለዋዋጭና ቋሚ ሁኔታዎች ብለው የሚይዟቸው እነዚህ ናቸው። ማነጻጸሪያ የሚባለው ወገን ደግሞ የለወጥነው ነገር ሳይደርስበት የቀረው ነው። ማነጻጸሪያ የሌለው ሙከራ አንዱን ወገን ብቻ ሰምቶ እንደሚፈርድ ሽማግሌ ነው፤ የሰማው እውነት ሊሆን ይችላል፣ ግን ለመፍረድ አይበቃም።

በኛው አገር የተሠራ ትልቅ ምሳሌ አለ፤ በየክፍሉ ቢተረክ ደስ ይለኛል። በ1964 በፈረንጆች አቆጣጠር ዶክተር አክሊሉ ለማ አድዋ አካባቢ ቢልሃርዚያ የተባለውን በሽታ የሚያስተላልፉ ቀንድ አውጣዎችን ያጠኑ ነበር። የቢልሃርዚያ ተዋሲ በእነዚህ ቀንድ አውጣዎች ውስጥ ያድግና ወደ ውሃው ወጥቶ ወንዝ ውስጥ የገባን ሰው በቆዳው በኩል ይይዛል። አክሊሉ ሰዎች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች ብዙ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አዩ፤ ከላይ ባለው ውሃ ግን ቀንድ አውጣዎቹ ሕያው ናቸው።

ያ ጥሩ ምልከታ ነው፣ ግን ገና ማስረጃ አይደለም። ልብስ የሚታጠብበት ቦታ የእግር ርግጫ አለ፣ ጭቃው ይታወካል፣ የልብስ እድፍ አለ። ገዳዩ ከነዚህ አንዱ ሊሆን ይችላል። አክሊሉ ከላይ ሕያው ቀንድ አውጣዎችን ሰብስበው ዕቃ ውስጥ አደረጉና ከአጣቢዎቹ አንዷ የእንዶዱን አረፋ እንድትጨምርበት አደረጉ። ቀንድ አውጣዎቹ ሞቱ። አሁን ርግጫውም ጭቃውም ከጨዋታ ወጥቷል። ከዚያ በኋላ የእንዶድ ፍሬ በቤተ ሙከራ እየተመጠነ ተጠና። አክሊሉና የሥራ ባልደረባቸው ለገሠ ወልደ ዮሐንስ በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበሉ፤ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያለው የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩትም ዛሬ በአክሊሉ ለማ ስም ይጠራል። እንዶድን ለዘመናት ያጠቡበት ሰዎች ነበሩ፤ የሞተ ቀንድ አውጣም ያዩ ይኖራሉ። የአክሊሉ ድርሻ ሕያዋኑን ከላይ አምጥተው አንድ ነገር ብቻ መለወጣቸው ነው።

አሁን ቤት ውስጥ ወደሚሠራ አንድ ሙከራ እንምጣ። ጥያቄው ይህ ነው፦ ከሱቅ የሚገዛው ደረቅ የዳቦ እርሾ፣ አሸዋ የሚመስለው፣ ሕያው ነው? ሕያው ከሆነ ስኳር ሲያገኝ ይመገባል፣ ጋዝም ያስወጣል። እርሾ ኦክስጅን ሲያጥረው ስኳርን ወደ አልኮልና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለውጣል፤ ሊጥን የሚያነሣው ይኸው ጋዝ ነው።

አራት ግማሽ ሊትር ሃይላንዶች ይታጠባሉ። «ሀ» ውስጥ አንድ የሻይ ብርጭቆ ለብ ያለ ውሃ፣ ሁለት የሻይ ማንኪያ ስኳርና አንድ የሻይ ማንኪያ እርሾ ይገባል። «ለ» ያው ነው፣ እርሾ ግን የለውም። «ሐ» እርሾ አለው፣ ስኳር የለውም። «መ» እርሾም ስኳርም አለው፤ ነገር ግን እርሾው መጀመሪያ የፈላ ውሃ ፈስሶበት እስኪሞት ከቆየ በኋላ ከሌሎቹ እኩል ለብ እስኪል ቀዝቅዟል። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ92 ዲግሪ ግድም ነው፤ እርሾን ለመግደል ግን ከበቂ በላይ ነው። ሁሉም ጠርሙሶች አፋቸው ላይ ቀድሞ ተነፍቶ የላላ ፊኛ ይለበሳሉ። በክዳን በፍጹም እንዳይዘጉ፤ ጋዙ መውጫ ካጣ ጠርሙሱ ሊፈነዳ ይችላል።

በየ15 ደቂቃው የፊኛው ወገብ በክር ይለካል፣ ክሩ በማስመሪያ ላይ ይዘረጋል፣ ቁጥሩ ይጻፋል። የ«ሀ» ፊኛ ይነፋል። የ«ሐ» ትንሽ ሊንቀሳቀስ ይችላል፤ እርሾው በውስጡ ያከማቸው ጥቂት ስንቅ አለው። «ለ» እና «መ» ግን ከሞላ ጎደል እንዳሉ ይቀራሉ።

«ለ» ለምን አስፈለገ የሚል ልጅ አለ፤ እርሾ የሌለው ጠርሙስ ምንም እንደማያደርግ ይታወቅ የለ? አይታወቅም። ለብ ያለው ውሃ ጠርሙሱ ውስጥ ያለውን አየር ያሞቀዋል፤ የሞቀ አየር ደግሞ ይስፋፋል፤ ፊኛውን ትንሽ ቀና ሊያደርገው ይችላል። የ«ሀ» ፊኛ ከተነፋበት ምን ያህሉ የእርሾው ሥራ፣ ምን ያህሉ የሙቀቱ እንደሆነ የሚነግረን «ለ» ብቻ ነው።

ንጽጽሮቹም በጥንቃቄ ይመረጣሉ። «ሀ»ን ከ«ለ» ጋር ስናስተያይ የእርሾን፣ ከ«ሐ» ጋር የስኳርን፣ ከ«መ» ጋር ደግሞ የእርሾውን ሕያው መሆን እንፈትሻለን። «ለ»ን ከ«ሐ» ጋር ማስተያየት ግን ወዴትም አያደርስም፤ በሁለት ነገር ይለያያሉ። ከአራቱ የምወደው «መ» ነው። እዚያ ጠርሙስ ውስጥ ሁሉም ነገር አለ፣ ያው እርሾ፣ ያው ስኳር፣ ያው ውሃ። የጠፋው ሕይወት ብቻ ነው፤ በእሱ መጥፋትም ፊኛው ተኝቶ ቀረ።

ሙከራው መደገም አለበት። ኮንዶሚኒየም የሚኖሩ ልጆች ተከፋፍለው ቢሠሩት ደስ ይላል፤ አንድ ጥንቃቄ ግን አለ። አንዱ ቤት «ሀ»ን፣ ሌላው ቤት «ለ»ን እንዳይሠራ። ፀሐይ የሚያገኘው አራተኛ ፎቅና ጥላ የዋለበት ምድር ቤት በሙቀት ይለያያሉ፤ እርሾ ደግሞ ለሙቀት በጣም ስሱ ነው። እያንዳንዱ ቤት አራቱንም ይሥራ። ያኔ በአንድ ቤት ውስጥ ያሉት አራቱ እኩል ብርድ ወይም እኩል ሙቀት ያገኛሉ። ፊደሎቹን ጠርሙሱ ሥር ጽፎ፣ የትኛው የትኛው እንደሆነ የማያውቅ ታናሽ ወንድም ወይም እህት እንዲለካ ማድረግም ጥሩ ነው፤ የሚጠብቁትን የሚያውቁ ዓይኖች ክሩን ሳያስቡት ላላ ወይም ጠበቅ ያደርጉታል።

ውጤቱ ከመጽሐፉ ጋር ባይገጥምስ? የ«ሀ» ፊኛ ሳይነፋ ቢቀር? ይጻፍ። እርሾው ጊዜው ያለፈበት ሊሆን ይችላል፣ ውሃው በዝቶ ሞቆ ገድሎት ይሆናል፣ ፊኛው ቀዳዳ አለው ይሆናል። እነዚህ ሁሉ ተራ በተራ ሊፈተሹ ይችላሉ። በጣም የሚያሳስበኝ ልጆች «ትክክለኛው» ውጤት ካልመጣ ነጥብ ይቀነስብናል ብለው ያላዩትን ቁጥር ሲጽፉ ነው። መምህራን ላልተጠበቀ፣ ግን በሐቀኝነት ለተመዘገበ ውጤት ሙሉ ነጥብ ቢሰጡ ከማንኛውም አዲስ ማይክሮስኮፕ የበለጠ ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ።

ፊኛው ከውጭ አገር መጽሐፍ ሥዕል በልጦ ቢነፋም አያስገርምም። እዚህ ከፍታ ላይ የአየር ግፊቱ ባሕር ጠረፍ ካለው ሦስት አራተኛ ያህሉ ነው፤ ያው መጠን ያለው ጋዝ ሰፋ ያለ ቦታ ይይዛል። የራሳችንን «ሀ» ከራሳችን «ለ» ጋር እንጂ ከሥዕሉ ጋር የማናስተያየው አንድም ለዚህ ነው።

አንድ ነገር ይቀራል። ፊኛው መነፋቱ ጋዝ መውጣቱን አሳየ፤ ጋዙ ካርቦን ዳይኦክሳይድ መሆኑን ግን አላሳየም። ለዚህ ቤት የሚቀባበት ኖራ ይበቃል። ትንሽ ኖራ በትልቅ ሰው እጅ ውሃ ውስጥ ይበጠበጣል፣ ሌሊቱን እንዲዘቅጥ ይተዋል፣ ጠዋት ከላይ ያለው ጥርት ያለ ውሃ ብቻ በቀስታ ወደ ሦስት ንጹሕ ብርጭቆዎች ይቀዳል። ኖራ ዓይንና ቆዳ ያቃጥላል፤ አይጠጣም፣ በስትሮም ወደ ላይ አይሳብም። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲያገኘው ይህ ውሃ ነጭ ደለል ሠርቶ ይደፈርሳል። በመጀመሪያው ብርጭቆ ውስጥ የ«ሀ» ፊኛ ጋዝ በስትሮ ቀስ ተብሎ እንዲያልፍ ይደረጋል። በሁለተኛው ሰው በአፉ የነፋው ፊኛ፤ ከሳንባ የሚወጣው አየር ከመቶ 4 ያህሉ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሆነ ይህም ማደፍረስ አለበት፣ ካላደፈረሰ የኖራው ውሃ ራሱ አይሠራም ማለት ነው። በሦስተኛው በብስክሌት መንፊያ የተሞላ፣ ተራ አየር ያለበት ፊኛ። ሦስቱም ፊኛዎች መጠናቸው እኩል፣ ጋዙ የሚያልፍበትም ጊዜ እኩል ይሁን። የመንፊያው ብርጭቆ ጥርት ብሎ ከቀረ፣ የአፉም የ«ሀ»ም ከደፈረሱ፣ ያኔ «እርሾው ካርቦን ዳይኦክሳይድ አውጥቷል» ብሎ ደብተር ላይ መጻፍ ይቻላል።